ሳንደር ከመግዛታችሁ በፊት ወረቀቱን ጠይቁ

የእንጨት ሥራ የጀመሩ ልጆች ሳንደር፣ ማለትም እንጨት ማለስለሻ ማሽን፣ ሊገዙ ሲነሱ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጋሼ፣ የትኛው ማርክ ይሻላል?» እኔ ከማርኩ በፊት የምጠይቃቸው ሌላ አለኝ። የምትሠራው የት ነው? መብራቱ እንዴት ነው? ማሽኑ ላይ የሚገጠመውን ብርጭቆ ወረቀት ከየት ታመጣለህ? ደሴ ፒያሳ አካባቢ ለሚሠራ ልጅ የምመክረውን ማሽን ለሰቆጣ ወይም ለላሊበላ ልጅ አልመክርም። ማሽኑ አንዴ ተገዝቶ ለዓመታት ያገለግላል፤ ወረቀቱ ግን ሁልጊዜ ይገዛል። ወረቀቱ ከጠፋ ማሽኑ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ይላል።

የምሠራው ደሴ ነው። በር፣ አልጋ፣ ቡፌ፣ ቁምሳጥን፣ ረከቦት እሠራለሁ፤ ከሁሉም በላይ የምወደው ግን አሮጌ የዋንዛ በርና ሳጥን ማደስ ነው። በእጅ የሚያዙትን የሳንደር ዓይነቶች ሁሉንም ሠርቼባቸዋለሁ። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ብታውቁት ይጠቅማችኋል የምለውን እነሆ።

በትንሹ ልጀምር። አራት ማዕዘኑ ሳንደር በአንድ እጅ መዳፍ የሚያዝ ነው። ከሥሩ ያለው ጠፍጣፋ ፓድ አይሽከረከርም፤ ባለበት ሆኖ በጣም ጠባብ ክብ እየሠራ ይርገበገባል። ለምሳሌ የማኪታው ቢኦ 4556 ባለ 200 ዋት ሲሆን በደቂቃ 14,000 ጊዜ ይርገበገባል። ቁጥሩ ብዙ ቢመስልም እንቅስቃሴው ጠባብ ስለሆነ እንጨት ቶሎ አያነሳም። በመላጊያ ያልተስተካከለ ጣውላ ላይ ብታሠሩት ስትገፉ ትውላላችሁ። ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው፦ የሚበላው ተራውን ብርጭቆ ወረቀት ነው። 23 በ28 ሳንቲ ሜትር የሆነው ሉክ ወረቀት ለአራት ተቆርጦ በግራና በቀኝ ባሉት መቆንጠጫዎች ይያዛል። ይህ ወረቀት የቤት ቀለም በሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ አለ። ከደሴ ወጣ ባሉ ከተሞች ለምትሠሩ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞም ፓዱ ጥግ ስላለው የመሳቢያ ውስጥና የቡፌ ማዕዘን ድረስ ይገባል፤ ክቡ እዚያ አይደርስም።

ክቡ ሳንደር፣ ራንደም ኦርቢታል የሚባለው፣ ለእኔ የሱቁ ዋና ማሽን ነው። አንድ ብቻ ግዛ ብባል የምገዛው እሱን ነው። ለምን እንደሆነ አሠራሩን ብታውቁ ይገባችኋል። ሞተሩ ሲዞር ፓዱ ከመሃል ፈቀቅ ብሎ ስለተተከለ ጠባብ ክብ ይሠራል፤ በዚያ ላይ ፓዱ በራሱ ኩሽኔታ ላይ ስለተቀመጠ እንደልቡ ይዞራል። ሁለቱ እንቅስቃሴ ሲደባለቅ ወረቀቱ ላይ ያለው ፍንጣሪ በሄደበት መንገድ ተመልሶ አይሄድም። ጭረቱ ይበታተናል፤ ዓይን የሚይዘው መስመር አይኖርም። በር የሚሠራ ሰው ይህን ጥቅም ወዲያው ያውቀዋል፦ ቋሚውና አግዳሚው በሚጋጠሙበት ቦታ የእንጨቱ መስመር ይሻገራል፤ በእጅ ወይም በቀበቶ ሳንደር ስታለሰልሱ አንዱን ስታሳምሩ ሌላውን ትጭራላችሁ። ክቡ ግን ሁለቱንም አልፎ ይሄዳል።

በዚህ ዓይነት የማውቃቸው ሁለት ማሽኖች የቦሹ ጄክስ 125-1 ኤኢ እና የማኪታው ቢኦ 5031 ናቸው። ሁለቱም 125 ሚሊ ሜትር ወረቀት ይጎርሳሉ፤ ክብደታቸውም ሁለቱም 1.3 ኪሎ አካባቢ ነው። ቦሹ 250 ዋት ሆኖ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ7,500 እስከ 12,000 ይስተካከላል። ማኪታው 300 ዋት ነው፤ ፍጥነቱ ከ4,000 ይጀምርና 12,000 ይደርሳል። እንጨት በማንሳት ማኪታው ትንሽ ይቀድማል፤ የፓዱ ፈቀቅታ ሰፋ ያለ ስለሆነ ነው። የእኔ ልብ ያዘነበለው ግን በዚህ አይደለም፤ ወደ 4,000 መውረድ በመቻሉ ነው። በመጀመሪያው ቫርኒሽና በሁለተኛው መሃል ስታለሰልሱ ፍጥነት ከበዛ ቫርኒሹ ይሞቅና ወረቀቱ ላይ ይጋገራል፤ ዝቅ አድርጋችሁ ስትሠሩት ግን ዱቄት ሆኖ ይነሳል። ቦሹ ደግሞ እጅ ላይ ሲያዝ ይመቻል፤ እጃቸው ትንሽ ለሆነ ልጆች እሱን እሰጣቸዋለሁ። ቶታልና ኢንግኮ የዚህ ዓይነት ማሽን አላቸው፤ ዋጋቸው ዝቅ ያለ ነው። አልፎ አልፎ ለሚሠራ ሰው እነሱም ይሆኑታል። ፍጥነት የሚስተካከልበት ማዞሪያ የሌለውን ግን በየትኛውም ማርክ ቢሆን አትግዙ።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልመለስ። የክቡ ወረቀት ከጀርባው በቬልክሮ የሚጣበቅ ነው፤ አቧራ የሚያስገቡ ቀዳዳዎችም አሉት። ቀዳዳው ከፓዱ ቀዳዳ ጋር ካልገጠመ አቧራው ከሥሩ ታፍኖ ይቀራል፤ ወረቀቱም ቶሎ ይሞታል። እነዚህ ሁለት ማሽኖች ስምንት ቀዳዳ ነው የሚፈልጉት። ሱቅ ስትገቡ 125 ሚሊ ሜትር፣ ባለ ስምንት ቀዳዳ፣ ባለ ቬልክሮ መኖሩን አይታችሁ፣ በሻካራነት ቁጥሩ ከ80፣ ከ120፣ ከ180 እና ከ240 በየዓይነቱ በርከት አድርጋችሁ ግዙ። ደሴና ኮምቦልቻ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ግን አንዱ ቁጥር አልቆ ሌላው ብቻ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ወልዲያ፣ ሰቆጣ፣ ላሊበላ፣ ወግዲ ላላችሁ ምክሬ ይህ ነው፦ ወደ ደሴ የሚመላለስ ሰው ከሌላችሁ አራት ማዕዘኑን አስቀድሙ፤ ክቡን በኋላ ጨምሩ።

ወረቀቱን ስታስቀምጡም አስቡበት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሱቅ ውስጥ ይገባል። ወረቀቱ እርጥበት ይጠጣና ይጠቀለላል። እኔ በላስቲክ ጠቅልዬ ጣውላ እጭንበታለሁ። የቀበቶ ሳንደር ወረቀት ደግሞ መጋጠሚያው በማጣበቂያ የተያያዘ ስለሆነ እርጥበትና ዕድሜ ሲጫነው ማሽኑ ላይ እንዳለ ይበጠሳል። በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ ለዓመት የሚሆን ቀበቶ አታከማቹ።

ስለ ቀበቶው ሳንደር ከተነሳ፣ ወረቀቱ እንደ ቀበቶ ዙሪያውን ተጋጥሞ የሚሮጥበት ማሽን ነው፤ ኃይለኛ ነው። ማኪታ 9403 የሚባለው 100 በ610 ሚሊ ሜትር ቀበቶ ይይዛል፤ 1,200 ዋት ነው፤ ቀበቶው በደቂቃ 500 ሜትር ይሮጣል፤ ክብደቱም ከ5 ኪሎ ተኩል ያልፋል። ትንሹ 9910 ደግሞ 650 ዋት ነው፣ ቀበቶው 76 በ457፣ ክብደቱ 2.6 ኪሎ፤ ፍጥነቱም ይስተካከላል። ቀበቶ የሚያስፈልገው በኮላ የተጋጠመ የጠረጴዛ ገበታ ከፍና ዝቅ ሲል ወይም አሮጌ የውጭ በር ፊቱ ሲሻክር ነው። እንደዚህ ዓይነት ሥራ በብዛት ካልመጣላችሁ አትቸኩሉ። ከያዛችሁት ደግሞ ሁልጊዜ ከእንጨቱ መስመር ጋር ይሂድ፤ ሥራ ከጀመረ በኋላ አንድ ቦታ ላይ አይቁም፤ እንጨቱን ሲነካም ሲለቅም ማሽኑ እየተንቀሳቀሰ ይሁን። ቀበቶው ላይ ያለው ቀስት ወዴት እንደሚያመለክት አይታችሁ ግጠሙ። ኮምፔንሳቶና ፊቱ በስስ እንጨት የተሸፈነ ቺፕውድ ላይ ግን ከቶ አታስጠጉት። የላይኛው ልባስ ከአንድ ሚሊ ሜትር ስለሚያንስ በዓይን ጥቅሻ ይበላና ከሥሩ ያለው ይታያል፤ ያ ደግሞ የሚመለስ ነገር አይደለም።

ብዙ ሱቆች ውስጥ የማየውና የሚያሳዝነኝ ነገር ግራይንደርን በሳንደር ቦታ መጠቀም ነው። ብረት መቁረጫውን ማሽን ጎማ ይገጥሙለትና ሸካራ ወረቀት ይለጥፉበታል። ለምን እንደሚያደርጉት ይገባኛል፤ ግራይንደሩ አስቀድሞ ተገዝቷል፣ ሥራም ያፋጥናል። ግን ማሽኑ የተሠራው በደቂቃ ወደ 11,000 ጊዜ እንዲዞር ነው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚዞረው፤ ወረቀቱም እንጨቱን የሚነካው በጫፉ ነው። ስለዚህ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጉድጓድ እየተወ ይሄዳል። ስቱኮ ሲሞላበትና ቀለም ሲቀባ የተደበቀ ይመስላል፤ ቫርኒሽ የሚቀባ የዋንዛ ሥራ ላይ ግን ከሩቅ ይታያል። ለሰው እጅና ዓይንም አደገኛ ነው። የግራይንደር ቦታው ሻካራ የተቦረቦረ ግንድ ማሻሻል ነው፤ መነጽር ተደርጎ፣ በሁለት እጅ ተይዞ፣ የመከላከያ ክዳኑ ሳይወልቅ።

አያያዙ ደግሞ ከማርኩ በላይ ነው። ክቡን ሳንደር አትጫኑት፤ የራሱ ክብደትና የእጃችሁ ክብደት ይበቃዋል። ስትጫኑት ፓዱ መዞሩን ያቆምና መርገብገብ ብቻ ይቀረዋል፤ ያኔ ነው እንደ ጠጉር የተጠቀለሉ ትንንሽ ጭረቶች የሚወጡት። እኔ በፓዱ ጠርዝ ላይ በማርከር አንድ መስመር አሰምራለሁ። ሥራ ላይ ሳለ መስመሩ ቀስ እያለ ሲዞር ካየሁት ደህና ነው፤ ከቆመ እጄ ከብዷል ማለት ነው። መሄጃውም ቀስ ይበል፤ በአንድ ሰከንድ ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር። ልጆቹ ወዲያና ወዲህ ሲያመናጭቁት ሳይ «አብሽር፣ ቀስ በል፣ ማሽኑ ራሱ ይሠራል» እላቸዋለሁ።

ቁጥር አትዝለሉ። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ወረቀቱ ሻካራ ነው። 80 ከጀመራችሁ 120፣ ከዚያ 180፣ ከዚያ 240። የ80ን ጭረት በ240 ልጥፋ ብትሉ ጊዜውም ወረቀቱም ያልቃል፤ ጭረቱ ግን አይጠፋም። አንዱ ቁጥር ሥራውን መጨረሱን ለማወቅ ከመጀመሬ በፊት እንጨቱን በእርሳስ በስሱ አሰምርበታለሁ፤ የእርሳሱ ምልክት ሁሉ ሲጠፋ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ከዚያ አምፖል ወይም የስልክ መብራት ከጎን ዝቅ አድርጌ አያለሁ። ከላይ በሚመጣ ብርሃን የማይታይ ጭረት ከጎን ሲበራበት ጥላ ይጥላል። ቫርኒሽ ከመቀባታችሁ በፊት በረጠበ ጨርቅ አብሱት፤ ሲደርቅ የእንጨቱ ጸጉር ይቆማል፤ ያንን በ240 በስሱ አንሱት። የምትጨርሱት ከውሃ ጋር በሚቀላቀል ቫርኒሽ ከሆነ ይህን አትለፉ።

እንጨቱም እንደየባሕሪው ነው። ዋንዛ ለሳንደር የተፈጠረ ይመስላል፤ ቶሎ ይለሰልሳል፣ መልኩም ይወጣል። ዝግባ ይለሰልሳል ግን ለስላሳ ስለሆነ አንድ ቦታ ከቆያችሁበት ይጎደጉዳል። ጥድና ወይራ ወረቀቱን ይዘጉታል፤ በተለይ ጥድ ሙጫው ሲሞቅ ወረቀቱ ላይ ይጋገራል። ለእነዚህ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉ፤ የተዘጋውን ወረቀት በጥሬ ጎማ ፋቁት፤ ፍርፋሪው ተነስቶ ወረቀቱ እንደገና ይሠራል። የጫማ ሶል የሚሆነው ቢጫ ጥሬ ጎማ ለዚህ ይሆናል። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፤ በደንብ ካልደረቀ ግን ዛሬ ያለሰለሳችሁት ነገ ይጣመማል፤ ደሴ ሰንብቶ ሞቅ ወዳለው ኮምቦልቻ ለሚወርድ ጣውላ ይህ ይበረታል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው፣ ኋላም በሌላ አዋጅ የተተካው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር፤ ስለዚህ አሮጌውን ማዳን ለእኔ ከሥራም በላይ ነው። አንዲት እናት የእናታቸውን የዋንዛ ሳጥን አምጥተው «ልጄ፣ አትቸኩል፤ መልኩን ብቻ እንዳታጠፋብኝ» አሉኝ። ሦስት ዓይነት ቀለም ተደራርቦበታል፤ ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከዚያ በታች ቡናማ። ሳጥኑ ላይ በየማዕዘኑ ትንንሽ የብረት ምስማሮች ተመትተዋል፤ አንዳንዱ ራሱ ጠፍቶ ከእንጨቱ ጋር እኩል ሆኗል። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ቀበቶ አይገባም። ምስማር ሲነካ ብልጭታ ይወጣና የአቧራ ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ሰጋቱራ ሊያቀጣጥል ይችላል። መጀመሪያ በማግኔት ፈልጌ የሚነቀለውን ነቀልኩ፤ የማይነቀለውን በፖንቸር ወደ ውስጥ አስገባሁት። ቀለሙን ደግሞ በሳንደር አላነሳሁትም። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚኖረውን እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚወስነው ደንብ የወጣው በፈረንጆቹ 2018 ነው። ያንን አቧራ አድርጎ መተንፈስ ለእናንተም፣ አቧራው ልብሳችሁ ላይ ተከትሎ ቤት ሲገባ ለሕፃናቱም መርዝ ነው። በቀለም ማንሻ አርሼ በቢላዋ ጠርጌ፣ አጥቤ፣ ካደረቅኩት በኋላ ነው ክቡ ሳንደር በ120 የገባበት። እናት ሲመጡ መጀመሪያ የነኩት ክዳኑን ነው። «ማሻላህ፣ እናቴ የነበረችበት ጊዜ እንዲህ ነበር» አሉ።

ስለ አቧራ ቀለም የሌለው እንጨት ላይም አደራ እላለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1995 እ.ኤ.አ. የእንጨት አቧራን ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች መሃል መድቦታል። ሳንደር የሚያወጣው ዱቄት ደግሞ ከሁሉም የደቀቀ ነው፤ መጋዝ የሚያወጣው ይወድቃል፣ ይህ ግን አየር ላይ ይቆያል። የጨርቅ ማስክ አያቆመውም፤ ኤን 95 ወይም ኤፍኤፍፒ 2 የሚባለውን ፈልጉ። ከረጢቱን ግማሽ ሳይሞላ አራግፉት። አቧራ መሳቢያ ቫኪዩም ማግኘት የቻለ ሰው ከማሽኑ ጋር ያገናኘው፤ ወረቀቱም በዚያው ብዙ ይቆያል። እኔ ሱቅ የሚሠሩት ልጆች ያለማስክ ሳንደር አይነኩም።

መብራትን በተመለከተ፦ አራት ማዕዘኑና ክቡ ትንሽ ስለሚስቡ አነስተኛ ጄኔሬተር ያንቀሳቅሳቸዋል። ባለ 1,200 ዋቱን ቀበቶ ግን አንድ ኪሎ ዋት ጄኔሬተር አያነሳውም። ኃይሉ ሲወርድ ሞተሩ ድምፁ ይቀየራል፣ ይሞቃል፤ ያኔ አጥፉት እንጂ አታስጨንቁት። በባትሪ የሚሠሩትን የሚጠይቁኝም አሉ። ባለ 18 ቮልት፣ 5 አምፔር-ሰዓት ባትሪ የሚይዘው 90 ዋት-ሰዓት ነው፤ 300 ዋት የሚስብ ሥራ ብታሠሩት 18 ደቂቃ ላይ ያልቃል። ደንበኛ ቤት ሄዶ በር ማስተካከል ላይ ይጠቅማል፤ ሱቅ ውስጥ ሙሉ ቀን ለመሥራት ግን ሦስት አራት ባትሪ ይፈልጋል፤ ባትሪው ደግሞ ከማሽኑ በላይ ያስወጣል።

ረከቦት ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። የተጠረበው እግርና ክፈፉ ላይ የትኛውም ማሽን አይመችም። ክቡን ሳንደር ከፓዱ ሥር ለስላሳ ስፖንጅ ገጥማችሁ በዝቅተኛ ፍጥነት ብትይዙት የታጠፈውን ይከተላል፤ የተቀረጸውን አበባ ግን በእጅ፣ የተጣጠፈ 180 ወረቀት በጣት ጫፍ ይዛችሁ ነው የምትጨርሱት። ማሽን ካስነካችሁት የአበባው ጠርዝ ይደበዝዛል።

ሱቅ ስትገቡ ማሽኑን አስነስታችሁ አዳምጡት፤ ድምፁ ወጥ መሆን አለበት። ፓዱን በእጃችሁ አዙሩት፤ ሳይንቀጫቀጭ እየለሰለሰ መዞር አለበት። ቬልክሮው ላይ ወረቀት ለጥፋችሁ ንቀሉት፤ በቀላሉ የሚላቀቅ ከሆነ ሥራ ላይ ይበርራል። ማዞሪያው ፍጥነቱን በእርግጥ የሚቀይር መሆኑን እዩ። ከዚያ ሻጩን «መለዋወጫ ፓድና ካርቦን አለህ?» በሉት፤ ካርቦን የምለው ለሞተሩ መብራት የሚያደርሰውን ትንሽ ቁራጭ ነው። ፓዱ ጠርዙ ላይ ስትጫኑት ቬልክሮው ይቀልጣል፤ ካርቦኑም እየተበላ ያልቃል፤ ሁለቱም የማይቀሩ ናቸው። ካርቦኑን በዚያው ቀን አንድ ጥንድ ገዝታችሁ ማሽኑ ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት።